በእናቴ በር ላይ የተለጠፈው ነገር

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ እናቴ ደወለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሯ ላይ ሥራ እንደተሠራባት ነገረችኝ። ሥራ ስትል የአናጢ ወይም የቀለም ቀቢ ሥራ ማለቷ አልነበረም። የምታንሾካሹከው ጎረቤት እንዳይሰማት ነው፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ፍጡር እንደሌለ ግን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ቆሻሻ ልትጥል በሩን ስትከፍት ከመያዣው ከፍ ብሎ ሁለት ነገር ተለጥፎ አየች። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሮዝ፤ እያንዳንዱ ብይ ያህላል፤ ይጣበቃል። እንዴት እንደሚጣበቅ አወቅሽ፣ ነካሽው ወይ ብላት፣ ለመሆኑ ጤነኛ ነሽ አለችኝ። በማንኪያ እጀታ ነው የነካችው፤ ማንኪያውንም ጥላዋለች። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ስላት ደግሞ በፎቶም ቢሆን ይተላለፋል አለች። ልብሷን ሸክፋለች። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ቤት አታድርም።

ተጠርጣሪዎቿን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም። ጎረቤቶቿ ነጮች፣ ከላኦስ የመጡ ሞንጎችና አንዲት ቻይናዊት ናቸው፤ እነሱን ወዲያው በነጻ አሰናበተቻቸው። መተት የሚያውቅሽ ሰው ሥራ ነው፣ ፈረንጅ ከጠላሽ ፖሊስ ይጠራብሻል እንጂ በር ላይ አይለጥፍብሽም አለች። ስለዚህ የቀረው ሐበሻ ነው። መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት በሽንኩርት አከታተፍ የተጣላቻት ሴትዮ ተጠራች። ቀጥሎ የዚያች ሴትዮ እህት። ሦስተኛም ሰው አለ፣ ግን ስሙን አልጠራም፣ ዝም ብለሽ ልጆችሽን አሳድጊ አለችኝ። ባሌን ማለቷ ነበር።

ባሌ ጴንጤ ነው፤ ያውም እዚሁ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ባለች አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ክፍል አስተባባሪ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ያውም ጾም የማትገድፍ። እኔ በሁለቱ መሃል ነኝ። እሑድ ከባሌ ጋር እሄዳለሁ፣ በዓል ሲሆን ከእናቴ ጋር፤ ሁለቱም እንድድን ይጸልዩልኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥቅም ሳልደብቅ ልናገር። እናቴ ሜፕልዉድ ካለው አፓርታማዋ ከወጣች የምትገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ብሩክሊን ፓርክ ያለው ቤታችን፣ ከሳሎን ጎን ያለችው ትንሿ ክፍል። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ኖራባታለች። ጎህ ሲቀድ እሷ በስልኳ መዝሙር ትከፍታለች፤ ባሌ ከወጥ ቤት የራሱን ይከፍታል፤ እሷ ትንሽ ትጨምራለች፤ እሱ ትንሽ ይጨምራል። ልጆቹ ጆሯቸውን ደፍነው ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ይወጡ ነበር። አንድ ቀን ማታ ራት ላይ፣ ባሌ ባለበት፣ የራሴን ቤት እፈልጋለሁ፣ ነጻነቴን እፈልጋለሁ አለች። እኔም አመንኳት። ሲመች ማመን አይከብድም።

ለአዛውንቶች የተሠራ ሕንፃ ውስጥ ቤት አገኘችና ገባች። አቅራቢያዋ ትልቅ የገበያ አዳራሽ አለ፤ ውጭው በረዶ ስለሆነ ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እየመጡ ውስጥ ለውስጥ ይራመዳሉ። እናቴም በወፍራሙ ካፖርት ላይ ነጠላዋን ደርባ፣ ስኒከሯን አድርጋ ከነሱ ጋር ትዞራለች። በስልክ ስታወራኝ ቀጠሮ የበዛባት ሴት ትመስላለች። ትንሿን ክፍል በበኩሉ ባሌ የጸሎት ክፍል አደረጋት። አራት ሰው ለሚጸልይባት ክፍል ማይክራፎን ከነማቆሚያው ገዛላት።

እንግዲህ በሩ ላይ የተለጠፈው ነገር መተት ከሆነ እናቴ ትመጣለች፤ ካልሆነ ትቀራለች። መተት እንዳይሆን አጥብቄ ፈለግሁ። በሕይወቴ ለሳይንስ እንደዚያን ቀን ጥብቅና ቆሜ አላውቅም።

ለባሌ ነገሩን የነገርኩት አብሮኝ እንዲስቅ ነበር። አልሳቀም። መጽሐፍ ቅዱሱንና አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ይዞ መጣና፣ «እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፣ አንቺ ጸልዪ» አለኝ። በስድስት ዘጠና አራት አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስንነዳ ፀሐይ ወጥታለች ለማለት ያህል ወጥታለች፤ የዓመቱ አጭር ቀን የሚባለው ሰሞን ስለነበር ቀኑ ገና ሳይጀምር የመሸ ይመስላል። እኔ አልጸለይኩም። ሙጫ ይሆናል፣ ማስቲካ ይሆናል፣ የሕንፃው ሰዎች የለጠፉት ምልክት ይሆናል እያልኩ ማስረጃ አሰባስብ ነበር።

የእናቴ ፎቅ መተላለፊያ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ከየበሩ የየአገሩ ወጥ የሚሸትበት ነው። የገና ሰሞን ስለነበር ነጮቹ ጎረቤቶቿ በሮቻቸው ላይ ቀይ ሪባን የታሰረበት የፕላስቲክ ጥድ ጠምዝዘው ሰቅለዋል። ያን እናቴ አንድ ቀን መተት ብላው አታውቅም።

የእሷ በር ላይ ግን በእርግጥ ሁለት ኳሶች ነበሩ። ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ሊጥ ይመስላሉ፤ ያብረቀርቃሉ። እናቴ ሰንሰለቱ እስከፈቀደላት ድረስ በሩን ከፍታ በውኃ ጠርሙስ ከያዘችው ጸበል ከውስጥ ትረጫለች። ባሌ ጣቱን ዘይት ነክሮ መቃኑን እየቀባ ከውጭ ይገሥጻል። እኔ መሃል ስለነበርኩ ከሁለቱም በኩል ረጠብኩ። ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር በመዝሙር ድምፅ እንኳ ያልተስማሙ ሰዎች አንድ ጠላት ስላገኙ ተስማሙ። ባሌ አንዱን ጸሎት ሲጨርስ እናቴ ከበሩ ኋላ አሜን ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ጠላት የተባለው ግን ከተለጠፈበት ንቅንቅ አላለም።

መነጽሬን ልጠርግ ዞር ስል ነው የፊት ለፊቱን በር ያየሁት። እዚያም አንድ ነጭ አንድ ሮዝ ተለጥፏል። በጥድ አክሊሎቹ መሃል ማንም ልብ አላለውም። ለሁለቱም አሳየኋቸው፤ ጉዳዩ በዚህ ያበቃል ብዬ። ባሌ ራሱን ነቅንቆ፣ «እሷም ተሠርቶባታል ማለት ነው» አለ። እናቴ በስንጥቁ አጮልቃ፣ «ውይ፣ ምስኪን» አለች። «ደግ ሴት ነበረች።»

ይህ ገረመኝ። የፊት ለፊቱ በር የቻይናዊቷ አሮጊት በር ነው። እናቴ ስለሷ የነገረችኝ አንድ ታሪክ ብቻ ነበር፤ በርበሬ ስታምስ የጭስ ደወሉ ጮኾ ሕንፃው በሙሉ በረዶ ላይ ሲወጣ ቻይናዊቷ በነጠላ ጫማ ቆማ እንደገላመጠቻት። ከግልምጫ ወደ ደግነት መቼ እንደተሻገሩ የነገረኝ የለም። ለማንኛውም የቻይናዊቷን በር አንኳኳሁ።

አጭር፣ ጥጥ የተሞላ ሰደርያ የለበሰች፣ እጇ ዱቄት የሆነ ሴት ከፈተችልኝ። የእናቴን በር አሳየኋት፤ የራሷን በር አሳየኋት፤ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ሳቀችና ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። ካፖርቴን አስወልቃ ወንበር ላይ ዘረጋችው። እናቴ ቤት አስቤዛ አድርሼ ስወጣ ካፖርቴን የማወልቅበት ጊዜ የለኝም፤ እዚህ ግን አማራጭ አልተሰጠኝም።

ምድጃው ላይ በድስት ሙሉ ነጭና ሮዝ ኳስ ይንሳፈፋል፤ ቤቱ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። ወንጀለኛውን እጅ ከፍንጅ ያዝኩ። መስኮቱ ላይ አንድ፣ ማቀዝቀዣው ላይ አንድ፣ የሩዝ ማብሰያው ላይ አንድ ተለጥፏል። ግድግዳው ሥር ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ቆሟል፤ ከፊቱ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይተናል። ስልኬ ላይ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉመውን ከፈትኩላት። ትናገራለች፣ ይጽፋል፣ አነባለሁ።

ቀኑ በዓላቸው ነው። የዓመቱ ረጅም ሌሊት የሚያልፍበትና ከነገ ጀምሮ ብርሃን የሚመለስበት ቀን ነው፤ ቤተሰብ ከያለበት ተሰብስቦ ይበላል። እሷ የደቡብ ባሕር ዳርቻ ሰው ናት፤ በእነሱ አገር የሚበላው ይህ ነው፤ የሚያጣብቅ የሩዝ ዱቄት በመዳፍ መሃል እየተድቦለቦለ በዝንጅብልና በስኳር ውኃ ይቀቀላል። ክብነቱ የቤተሰብ ክብ ነው። ፎቶው የባሏ ነው፤ እሱ የሰሜን ሰው ስለነበር ይህን የልጅ ምግብ ነው እያለ ይንቅባት ነበር። በሰሜን የሚበላው በሥጋ የተሞላ ጥቅል ሊጥ ነው፤ ያን ቀን ያልበላ ሰው በብርድ ጆሮው ይረግፋል ይላሉ። ጆሮዋን በሁለት ጣት ይዛ እየጎተተች አሳየችኝ። ሚኒሶታ ስኖር ይህን የመሰለ ምክንያታዊ እምነት ሰምቼ አላውቅም። ባሏ ሞቷል፤ እሷ ግን ሁለቱንም ትሠራለች። የመጀመሪያው ሳህን የሙታን ነው። ከዚያ ቤቱን ሲጠብቅ የከረመው በርና መስኮት እንዳይራብ አንድ አንድ ይለጠፍለታል፤ ከዚያ ሰው ይበላል።

ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል። ምግብ ነው። ባህል ነው። በረከት ነው። እናቴ በቤቷ ትቀመጣለች፣ ማይክራፎኑም ባለበት ይቆማል። ላመሰግናት ቀና ስል ነው መስኮቱ ሥር ያለውን የቲማቲም ቆርቆሮ ያየሁት። በውስጡ ጤና አዳም በቅሏል።

ያን ቆርቆሮ አውቀዋለሁ፤ የእናቴ ነው። ዘሩን እኔ ነኝ ያመጣሁላት። እናቴ የልጅ ልጆቿን የማትንከባከበውን ያህል የምትንከባከበው፣ ቡና ስትጠጣ አንድ ቅጠል የምትቀነጥስበት፣ ማንም እንዳይነካው የምትከለክለው ነው። አንድ ቀን ሳልጠይቃት ቀንጥሼ ተቆጥታኛለች። የማን ነው ይህ አልኳት፣ በጣቴ። ቻይናዊቷ ብዙ ተናገረች። ስልኩ ትንሽ አሰበና ጻፈው። ጎረቤቷ ባለፈው ሳምንት ነው የሰጠቻት። ልጇ ልትወስዳት እንደሆነ በእጇ አሳይታታለች። እንዴት እንዳሳየቻት ደገመችልኝ፤ መሪ ያዘች፣ የልጆቹን ቁመት በመዳፏ ለካች፣ ሁለት እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኛች። እንግዲህ ከልጇ ጋር በዓሉን ልትውል ነው ብላ ስለተደሰተች በሯን እሷው መገበችላት። በመጨረሻ ጣቷን ደረቴ ላይ አሳርፋ አንድ አጭር ነገር አለች። ስልኬ ላይ የወጣው፣ «ልጇ አንቺ ነሽ? ዘገየሽ» የሚል ነበር።

እኔ እናቴን ልወስዳት እንደሆነ የሰማሁት እዚያ፣ ከቻይናዊቷ ነው።

ቁጭ አልኩ። ገባኝ። እናቴ ነጻነቴን እፈልጋለሁ ብላ በአማቿ ፊት የወጣች ሴት ናት። ብቻዬን ሆንኩ፣ ውሰጂኝ የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ቢወጣ በእሷ አማርኛ መሞት ማለት ነው። ስለዚህ ጤና አዳሟን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ልብሷን ሸክፋ፣ ጥሩ ምክንያት እስኪመጣላት ትጠብቅ ነበር። ምክንያቱ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በሯ ላይ ተለጥፎ አደረላት። መተት ከሆነ ማንም ጥፋተኛ አይሆንም፤ እሷም አልለመነችም፣ እኔም አላስወጣኋትም። ከልቧ ፈርታ ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ ግማሹን ፈርታለች እላለሁ።

ስመለስ እናቴ ካፖርቷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ባሌ ቆሟል። ምን አለችሽ ተባልኩ። ፊት ለፊት ቤት ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ በዓሉን፣ ዝንጅብሉን፣ የበሩን ረኃብ። ስለ ጤና አዳሙ ዝም አልኩ። እየተናገርኩ የእናቴ ፊት እንዴት እንደጠቆረ አየሁት። ከመተት የዳነ ሰው ፊት አልነበረም።

«እንግዲያው ደግ ነዋ» አለች። «በሬን ባረከችልኝ ማለት ነው። በሉ፣ ሥራ አላችሁ፣ ሂዱ።» የሻንጣዋን ዚፕ መክፈት ጀመረች።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ሳይንስን የካድኩት። ቆይ እስቲ እማዬ አልኳት። ምግብ ነው ማለት መተት አይደለም ማለት ነው ወይ? ሰው የሚመተተው በምግብ አይደለም? እሷ ለቻይናዊቷ ተከራከረች፤ ሴትዮዋ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ሌላው ቢቀር የጭሱን ነገር ይቅር ብላኛለች አለች። እኔ ደግሞ ሴትዮዋ ንጹሕ ብትሆንም የለጠፈችው ነገር ንጹሕ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን አልኩ። ከእኛ ጋር ጥቂት ብትከርም ምን ይጎዳል፤ ጥንቃቄ አይከፋም። ጠዋት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን አንድ በአንድ መለስኩላት። እሷም ጠዋት እኔ በልቤ ያልኩትን መለሰችልኝ፤ ይህ ሁሉ ያላዋቂ ወሬ ነው፣ እኔ ከተማ ያደግሁ ሴት ነኝ አለች። ዚፑ ግማሽ ላይ ቆሟል።

ያዳነን ባሌ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እማማ፣ መጀመሪያ ለሙት የቀረበ፣ ቀጥሎ ለበር የተለጠፈ ነገር ነው» አላት። «እንዲህ ባለ ቤት እናቴን አላሳድርም። ክፍልዎ ባዶ ነው፤ ማይክራፎኑን ጋራዥ አወርደዋለሁ።»

እናቴን እናቴ ብሏት አያውቅም። ነገሩ ገብቶት እንደሆነ ወይስ ከልቡ ጣዖቱን ፈርቶ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀው የሚመልሰውን ስለምፈራ ነው። ያን ጊዜ ግን አሜን አልኩ፤ በእሱ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም።

እናቴ ሁለታችንንም በየተራ አየችን። እኔ ላይ ትንሽ ቆየች። ዚፑን መልሳ ዘጋች። «እናንተ ከፈራችሁ ምን አደርጋለሁ» አለች። «ለእናንተ ስል ነው እንጂ እኔስ ምንም አልመሰለኝ።» የሚበላሽ ነገር ልሰብስብ ብዬ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ባዶ ነበር፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መደርደሪያው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎበታል። ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ስንወጣ ቻይናዊቷ በፕላስቲክ ዕቃ የሞላ ትኩስ ኳስ ከነዝንጅብሉ ይዛ መጣች። ሌላም ልትሰጠን ነበር፤ በአሳማ ሥጋ የተሞላውን የባሏን ሊጥ፤ እኔ ጆሯችን በእግዚአብሔር እጅ ነው ብዬ በምልክት ተውኩት። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቀፉ። አንዷ በቻይንኛ ሌላዋ በአማርኛ እያወሩ፣ ማንም ማንንም ሳያስተረጉም፣ ረጅም ተሰነባበቱ። እናቴ ወደ ጤና አዳሙ ስትጠቁም ውኃ እንዳታበዢበት እያለቻት እንደሆነ ተረዳሁ።

መኪና ውስጥ እናቴ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደሌለበት ሦስቴ አስማለችኝ። የነቢያት ጾም ነው። የለበትም፤ ሩዝና ስኳር ነው አልኳት። አንድ ጎረሰች። ይኼ ነገር የዳቦ ሊጥ ሳይበስል ነው አለችና ሁለተኛ ጎረሰች። ያን ቀን የበላ ሰው ዕድሜው ላይ አንድ ዓመት ይጨመርለታል ይላሉ ብዬ ስነግራት ማኘኳን አቆመች። በፓስፖርቱ ላይ ነው ወይስ በእውነተኛው ብላ ጠየቀች። ባሌ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ያያታል፤ ለሙት የቀረበውን እናቱ ስትበላ ምንም አላለም።

ብሩክሊን ፓርክ ስንደርስ መሽቷል ማለት ይቻላል፤ ሰዓቱ ግን ገና ነበር። ብርዱ የአፍንጫ ፀጉር ያደርቃል። ባሌ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ እኔ ቦርሳዋን ይዤ፣ በረዶው እንዳያንሸራትታት ግራና ቀኝ ደግፈናት በራችን ላይ ደረስን። በሩ ላይ ባሌ የሰቀለው ጥቅስ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። እናቴ ክንዷን ከእኛ አላቀቀች። የፕላስቲኩን ዕቃ ከፍታ አንድ ሮዝ ኳስ አወጣችና ከሰሌዳው ጎን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። በዚያ ብርድ ለመያዝ አፍታም አልፈጀበት። ጣቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ባሌ ዞረች።

«በል እንግዲህ፣ ገሥጸው» አለችው።

ባሌ ኳሱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«መጀመሪያ ይግቡ» አላት። «ብርድ ነው።»